ሊምል ያነሣው እጅ

አንድ ገበሬ ነበረ። አንዲት ላም ነበረችው፤ ደንባራ ላም። ዶሮ ከአጠገቧ ብድግ ካለች ገመዷን በጥሳ የምትሄድ።

ጓንጉል፣ ቁጭ በልና ስማኝ። «የኔታ፣ ልጄ ከሰው ጋር መኖር አልቻለም፤ ሚስቱም ጥላው ሄደች። ይህ ከእናቱ ወገን የወረደ ዘር አይደለም ወይ? ነገ ሽማግሎቹ ሲቀመጡ እንዲህ ብዬ ልንገራቸው?» ብለህ ጠይቀኸኛል። መልሱ ያለው እዚህ ገበሬ ቤት ነው።

ላሚቱ ሁለት ወንድ ጥጃ ወለደች። ሁለቱም እንደ እናታቸው ደንባራ ነበሩ። የመጀመሪያው ሲወለድ ገበሬው ታሞ ተኝቶ ስለነበረ፣ አንዲት ጎረቤቱ መበለት ላሚቱንም ጥጃውንም ወስዳ ዓመት ያህል ጠበቀችለት። ወደ ጥጃው ስትሄድ ከሩቅ ትጠራዋለች፤ አንገቱን ታክክለታለች። ገበሬው ሲድን ላሚቱን ተረከበና ጥጃውን የድካምሽ ብሎ ተወላት።

ሁለተኛውን ራሱ አሳደገ። አሳደገ ከተባለ! ላሚቱ ወተት እስክትሰጥ ለአፍታ ያስጠጋዋል፤ ከዚያ አፍንጫውን በዱላ መትቶ ይጎትተዋል። በቀረው ጊዜ ጨለማ ጋጣ ውስጥ ለብቻው ታስሮ ይውላል። እምቧ ካለ ዱላ፣ ዝም ካለም ዱላ። «ዱላ ያልቀመሰ አይገራም» ይል ነበር። አንተም ስትል ሰምቼሃለሁ፤ ስለ በሬ ግን አልነበረም።

ወይፈኑ ለቀንበር ደረሰ። ገበሬው እንደ እሱው አንድ በሬ ብቻ ካለው ጎረቤቱ ጋር ተቀናጀ፤ በሬዎቻቸውን አንድ ላይ ጠምደው በተራ ሊያርሱ። ገና ቀንበሩ ሊጫንባቸው ጎን ለጎን እንደ ቆሙ፣ የጎረቤቱ በሬ ወይፈኑን በትከሻው ነካው። መነካካት ያለ ነው። ወይፈኑ ግን ዞሮ በቀንዱ ዓይኑን አወጣው።

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ወይፈኑንም አምጥተው ዛፍ ሥር አሰሩት።

«ይህ በሬ ነው ወይስ ቀንድ ያበቀለ ጅብ?» አለ ጎረቤቱ።

«እኔ ምን ላድርግ? የእናቱ ዘር ነው» አለ ገበሬው።

መበለቲቱ ከኋላ ሳቀች። «የእኔው የማን ልጅ ሆኖ ነው እንግዲያ? ዘንድሮም ከሰው በሬ ጋር ሲያርስ ከረመ!»

ገበሬው ተናደደ። «አንድም ክፉ አልሠራሁበትም! እምላለሁ!» ብሎ እጁን ወደ ሰማይ አነሣ።

ወይፈኑ ተንበረከከ። ማንም አልነካውም። ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን መሬት ላይ ለጥፎ ዱላውን ጠበቀ።

«መሐላው ይቅር» አለ ሽማግሌው። «ምስክሩ ቃሉን ሰጥቷል።»

ገበሬው ለጎረቤቱ ካሠ፤ ወይፈኑ ለመበለቲቱ ተፈረደላት። ከወንድሙ ጎን ተጠምዶ መቆም እስኪችል ሁለት ክረምት ፈጀባት። ዛሬም በድንገት እጅ ከተነሣ ይንቀጠቀጣል።

ጓንጉል፣ ዘር የለበትም አላልሁህም። ልጅህ ከእናቱ ስስ ልብ ወርሷል። ስስ ልብ ያለው ግን የሰውን እጅ ከሌላው አብልጦ ይማራል፤ የሚያክከውንም፣ የሚመታውንም። አንተ ደግሞ ይህን ታውቅ ነበር! በር ሲንኳኳ የምትደነግጥ ሴት አግብተህ፣ ልጇን ምሰሶ ላይ አስረህ ገረፍኸው። ጩኸቱን እዚህ ሆኜ ሰምቻለሁ። የሰው ቤት ነው ብዬ ዝም አልሁ፤ ለዚያ እኔም ፍርዴን እቀበላለሁ። ዛሬ ግን ዝም አልልም። ሚስቱ ልታቅፈው እጇን ስትዘረጋ የሚሸሸው ከእሷ አይደለም፤ ከአንተ ነው። ነገ ሽማግሎቹ ፊት የሞተች ሴት አጥንት አትክሰስ። ምሰሶውን ንገራቸው፤ ገመዱን ንገራቸው። ሚስቱ ያንን ብትሰማ ሁለት ክረምት ልትታገሠው ትወድ ይሆናል።

አሁንም «እኔ እኮ፣ የኔታ» እያልህ ያነሣኸውን እጅህን አውርድ። ልጅህ ደጅ ቆሞ እያየን ነው። አንገቱን ተመልከት።