የፈንቴ ቋጠሮ

ተረት ተረት!

የላም በረት!

ላሟን ለዛሬ በረቷ ውስጥ ተዉአት፤ የዛሬው ተረቴ የውሃ ነው። አንተ በሩ ላይ የቆምኸው፣ ግባና ቁጭ በል። ቆሞ የሚሰማ ሰው ግማሹ ያመልጠዋል።

በድሮ ዘመን፣ ከጣና ሐይቅ ዳር፣ ፈንቴ የሚባል ታንኳ ሠሪ ነበረ። ሚስቱ ደብሬ ትባላለች። አንዲት ልጃቸው ደግሞ አትጠገብ። ፈንቴ ደንገል የሚባለውን ረጅም የውሃ ሣር ከሐይቁ ዳር ያጭድና ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ከዚያም በልጥ እየቋጠረ ታንኳ ያደርገዋል። አትጠገብ አጠገቡ ቁጭ ብላ ልጡን ታቀብለዋለች፤ እየለመደችው ስትመጣም እሷም መቋጠር ጀመረች። ያን ጊዜ መሃል አናቷን የተላጨች ጋሜ ነበረች። ቁመቷ ከአባቷ ደረት አያልፍም።

አንድ መስከረም ፈንቴን ንዳድ ያዘው። በሳምንቱም ሞተ። በሐይቁ መሃል ካለችው ደሴት ወስደው ቀበሩት። ደብሬ ፀጉሯን ተላጨችና መሬት ላይ ተኛች። ተኛች ስላችሁ ጎኗን አሳረፈች ማለቴ ነው እንጂ እንቅልፍስ ከዚያ ቀን ወዲህ እርም ሆነባት። አትጠገብ ግን አላለቀሰችም። አልቃሾች ቢመጡ፣ ሙሾው ቢወርድ፣ እንባዋ ጠብ አላለም።

እሷ የያዘችው ሌላ ነገር ነበር። አባቷ በመጨረሻ የሠራት ታንኳ ከቤታቸው ደጅ ካለው ዋርካ ሥር ነበረችና ሰው እንዳይነካት ትጠብቃት ጀመር። ታንኳ ደግሞ ታውቃላችሁ፤ ደንገሉ በደረቀ ቁጥር ይከሳል፣ ልጡም ይላላል። ፈትቶ እንደገና ካላጠበቁት ይበተናል። ጎረቤታቸው አያ ውባለም ይህንኑ ቢመክራት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

፦ አባቴ የቋጠረውን አልፈታም። ከፈታሁት የእጁ ሥራ ከዓለም ላይ አለቀ ማለት ነው፤ አለችው።

አያ ውባለምም ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ዓመቱ እንዲህ እያለቀ ሄደ። ልጅቷም ተመዘዘች። አናቷን የሚላጫት አባቷ ነበርና ፀጉሯ ሞልቶ ወረደ። ድምፅዋ ወፈረ። በውሃ ውስጥ መልኳን ስታይ ይህች ደግሞ ማን ናት እያለች ፊቷን ታዞር ነበር። የሙት ዓመቱ ሲቃረብ ደብሬ ወደ ባሏ መቃብር ውሰጂኝ ብላ ለመነቻት። የጎረቤቱ ታንኳ ሁሉ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ በላይ አይችልም፤ ሁለት ሰው ከነስንቁ የምትይዘው የፈንቴ ታንኳ ብቻ ነበረች። አትጠገብም እንቢ አለች። በገዛ እናቷ ላይ ጨከነች። ሐዘን እንዲህ ያደርጋል፣ አትፍረዱባት።

ያን ክረምት ሐይቁ ሞላ። አንድ ቀን ገና ጎህ ሲቀድ ውሃው እስከ ዋርካው መጣና ታንኳዋን አንሥቶ ይዟት ሄደ። አትጠገብ ደርሳ ተንጠለጠለችና ወጣችባት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለም? እሷንም እያባበለ ወሰዳት።

ከዚያም ጉም መጣ። ሐይቁና ሰማዩ አንድ ሆኑ። ይብራ የሚባሉት የውሃ ወፎች በውሃው ላይ ተኝተው፣ ዓይናቸውን ገልጠው፣ ሳይነቁ ያልፏታል። ቋጠሮው ላላ፣ ደንገሉም አንድ በአንድ እየሾለከ ይሄድ ጀመር። በዚህ ጊዜ በጉሙ ውስጥ ደንገል የሚያጭድ ሰው አየች። እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሟል፤ ውሃው ግን አይንቀሳቀስም። አባቷ ነው።

፦ አባቴ፣ ታንኳህ ልትበተን ነው። ቋጥርልኝ።

ፈንቴ ቀና ብሎ አያትና፦

፦ የማን ልጅ ነሽ?

፦ ያንተ ነኛ። አትጠገብ ነኝ።

፦ የእኔ አትጠገብ ጋሜ ናት። እስከዚህ ነው የምትደርሰው፤ አለና ደረቱን ነካ። ቀጥሎም፦ አንቺ ትልቅ ሴት ነሽ።

ይህ ከሞቱ ይበልጥ አንገበገባት። ዓመት ሙሉ የእጁን ሥራ ስትጠብቅለት፣ እሱ ጭራሽ አላወቃትም። ውሃው ጉልበቷ ደረሰ። እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? አትጠገብ ጎንበስ ብላ የአባቷን ቋጠሮ ፈታችው። ደንገሉን ሰብስባ፣ በእግሯ ረግጣ፣ ልጡን ባላት ጉልበት ሳበችና ቋጠረችው። ሁለተኛውንም ፈታች። ሦስተኛውንም።

ሰውዬው ሳቀ።

፦ ምላስሽን አትንከሺ ብዬሽ አልነበረም? ልጥ ባጠበቅሽ ቁጥር ትነክሺዋለሽ። አንቺ ነሽ ለካ! እንዴት አድገሻል፣ ልጄ።

፦ ና፣ ወደ ቤት እንሂድ።

፦ እናትሽ ውሃው ዳር ቆማለች። ብርድ ነው፤ ሂጂላት።

ጉሙ በላዩ ላይ ተዘጋ። አትጠገብም አለቀሰች። የዓመቱን እንባ፣ በእጇ እየቀዘፈች፣ እስከ ዳር ድረስ አለቀሰችው። ደብሬም እንደተባለው ቆማ ነበር፤ በነጠላዋ ጠቅልላ ያዘቻት።

በሙት ዓመቱ ቀን እናትና ልጅ ወደ ደሴቲቱ ተነሡ። ደብሬ ስንቁን አቅፋ ከፊት ተቀመጠች፤ አትጠገብ ከኋላ ቆማ ትቀዝፋለች። ሐይቁ መሃል ሲደርሱ የደብሬ አንገት ዘንበል አለ። ዓመት ሙሉ ዓይኗን ያልከደነች ሴት፣ ልጇ በምትቀዝፈው ታንኳ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። አትጠገብም እናቷን እንዳትቀሰቅስ ቀዘፋዋን ቀስ አደረገች። ደሴቲቱ ቅርብ ነበረች፤ እሷ ግን ዞር አለችና ረጅሙን መንገድ ያዘች።

በሉ ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦ ከሌለ በቆሎ ጥበሱና አፌን አብሱልኝ።