ወሬ ሳይመጣ የተጣደው ንፍሮ

ይህን ታሪክ የነገሩኝ ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። አንደኛው በታሪኩ ያሉት ነጋዴዎች የዘገዩት አስራ አንድ ቀን ነው ይላሉ፤ ሌላኛው ከሁለት ሳምንት ያላነሰ ነው ይላሉ። ትክክሉን አላህ ያውቃል። እኔ ትንሹን ቁጥር ወስጃለሁ።

በደጋና በቆላ መካከል በነበረች አንዲት የጥንት ከተማ ሼህ ጦይብ የሚባሉ፣ ገመድ እየገመዱ የሚተዳደሩ አዛውንት ነበሩ። ዘወትር ሐሙስ ወደ ማታ ገደማ፣ ከዐስር ሶላት ሲወጡ፣ በግቢያቸው ንፍሮ ቀቅለው ጎረቤት ያበላሉ። ሲያበሉም የሳምንቱን ኒዕማ፣ ከአላህ የተሰጠውን ጸጋ፣ በስሙ ጠርተው በሹክር ያመሰግናሉ። አንድ ሐሙስ የጎረቤት ላም በሰላም በመውለዷ፣ ሌላ ሐሙስ የጥርስ ሕመማቸው በመታገሡ። ጎረቤቶቻቸው፣ "ሼኻችን፣ ዛሬስ ለየትኛው ጥርስ ነው?" እያሉ ይቀልዱባቸዋል። እሳቸውም፣ "የቀሩት አራት ናቸው፤ በዚህ ወር እንጨርሳቸዋለን" ይላሉ።

አንድ ክረምት ወደ ጨው አገር የወረዱት የከተማይቱ ነጋዴዎች የመመለሻ ቀናቸው አለፈ። አስራ ስድስት ሰዎች ናቸው፤ የሼሁ አንድ ልጅ ሽፋውም አብሯቸው አለ። በመንገዳቸው ላይ ድንገት የሚሞላ ወንዝ አለ፤ ከወንዙ በላይ ያለው ተራራ ደግሞ ጠቁሮ ሰንብቷል። ሴቶቹ ውሃ ሲቀዱ እንኳ ጀርባቸውን ለመንገዱ አይሰጡም ነበር። የግመል ድምፅ የመሰለ ነገር በተሰማ ቁጥር ሰው ከየቤቱ ይወጣል፤ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል።

ቀናቸው ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ከሼሁ ግቢ ጭስ ታየ። "ልጁ ጠፍቶበት፣ ያለ ወሬ ንፍሮ የሚጥድ አባት የለም። ሰምተዋል ማለት ነው" ተባለ። እልልታው ከደጅ ደጅ ተቀባበለ። ከነጋዴዎቹ የአንዱ የይመር ሚስት ዘምዘም ሕፃኗን አዝላ እየሮጠች ገባች።

"የት ደረሱ?"

ሼሁ ጭልፋውን አስቀመጡ። "ልጄ፣ ምንም አልሰማሁም።"

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?"

"ሐሙስ ነዋ። ጉድጓዳችን በዚህ ሁሉ ጎርፍ አልደፈረሰም፤ ለእሱ ነው።"

ዘምዘም ወደ ድስቱ አየች። "እርስዎ ለጉድጓድ ያመሰግናሉ። እኔ ባሌን ወንዝ ይብላው አይብላው አላውቅም። ወሬ እስኪመጣ ባይጥዱት ምን ነበረበት? እልል እያልኩ እኮ ነው የመጣሁት።"

ሼሁ ሳምንቱን ሙሉ የገመዱት ገመድ እየላላባቸው ሲፈቱና ሲደግሙ ሰነበቱ። ሹክሬ የሰው ቁስል ሆነ ወይ ይላሉ፤ መልሰው ደግሞ፣ ብተወውስ ለጌታዬ ምን እላለሁ ይላሉ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ለዘምዘም ብለው ድስቱን ሳይጥዱ ቀሩ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ሰው ወደ ግቢያቸው ቢያይ ጭስ የለም። "ሽፋው ሞቷል ማለት ነው፤ እሱ ከሞተ ሌሎቹስ?" ተባለ። አንዲት አሮጊት ማልቀስ ጀመሩ፤ ለቅሶውም እንደ እልልታው ከደጅ ደጅ ተቀባበለ።

ዘምዘም ስትደርስ ሼሁ ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"ማን ሞተ?" አለች።

"እኔ እንጃ፤ ምንም አልሰማሁም። አንቺ አይጣዱ ብትዪኝ ነው የተውኩት።"

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ትንፋሿ ሲመለስ፣ "ድስቱ የት ነው?" ብላ ጠየቀች።

"ምን ብዬ ልጣደው? ዛሬ እኔም ፈርቻለሁ ልጄ። የማመሰግንበት ነገር ጠፍቶኛል።"

ዘምዘም እጇን ወደ ኋላ ሰዳ ያዘለችውን ሕፃን ግንባር ዳሰሰች። "ይሄን ልጅ ትናንት ትኩሳቱ ለቀቀው። ጥርስዎ ካለቀ በዚህ ይጣድ።"

ስንዴ ከቤቷ አምጥታ እሳቱን ራሷ አነደደች። ጨው በከተማው አልቆ ስለነበር ንፍሮው አልጫ ሆነ። ሰዉ እንባውን እየጠረገ መጥቶ ዘገነ። ወሬ አልመጣም፤ ፍርሃቱም አልሄደም። ግን አብረው ተቀምጠው ፈሩ።

በማግሥቱ ጁምዓ ረፋዱ ላይ ግመሎቹ ታዩ። ሼሁ መንገድ ዳር ቆመው ሰዎቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ፤ አስራ ስድስት። ግመሎቹ ግን ባዷቸውን ነበሩ። ደራሽ ውሃ ወንዙ መካከል አግኝቷቸው፣ ሰዎቹ በጭነቱ ገመድ ተሳስረው ወጥተዋል፤ የጫኑት አሞሌ ጨው ሟሙቶ ከጎርፉ ጋር ሄዷል። የዓመት ልፋታቸው ነው። ሽፋው አባቱ እግር ላይ ወድቆ፣ "አባ፣ አንድ አሞሌ እንኳ ማትረፍ አልቻልንም" አለ።

ሼሁ አንስተው ወደ ቤት አስገቡት። ከትናንቱ ንፍሮ በእፍኛቸው ዘግነው አጎረሱት። አላምጦ፣ "ይሄም ጨው የለውም" አለ።

"ጨው ጎደለ እንጂ ሰው አልጎደለም፤ አልሐምዱሊላህ" አሉ።

ይህ ቃል ሲነገር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ትምህርቱም ያለው በጁምዓው ደስታ ውስጥ ይመስለኝ ነበር። ልሳሳት እችላለሁ፣ አሁን ግን በዋዜማው ሐሙስ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ልጁ በደህና የተመለሰለት አባት ማመስገን አያቅተውም። የዘምዘምን ሕፃን ትኩሳት የለቀቀው ግን ወሬ ሳይመጣ፣ ሁሉም ዓይን መንገዱ ላይ ሳለ ነው። ትልቁን ስንጠብቅ ስንት ትንሽ ኒዕማ ሳናየው እንዳለፈ ማን ያውቃል? ሹክር ፍርሃትን አያባርርም፤ ሼሁም ፈርተዋል። ፍርሃት ቤቱን በሙሉ እንዳይወርሰው ግን አንድ ጥግ ይይዝበታል።

ሁላችንም ወሬው ያልደረሰን ጉዳይ አለን። እኔም አለኝ። ዛሬ ግን ሐሙስ ነው።