ሁሉን አዋቂው ገዥና ዓሣ ሻጯ

በጥንት ዘመን በአንዲት የግሪክ የወደብ ከተማ ኒካንድሮስ የሚባል ገዥ ነበር። አቴና ሄዶ ከፈላስፎች ዘንድ ጥቂት ከርሞ ሲመለስ፣ «ከእንግዲህ እኔ የማላውቀው ነገር የለም» ብሎ አደባባይ ላይ አወጀ። ይህን የሰማ አንድ ዓሣ አጥማጅ ሳቁ አመለጠውና ወህኒ ወረደ።

የዓሣ አጥማጁ ሚስት ዓሣ ሻጭ ናት፤ ምላሷ ከቢላዋዋ ይብሳል። ባሏን ለማስፈታት ገዥው ፊት ቀረበች። ኒካንድሮስ ሹማምንቱን በዓይኑ ጠቀስ አድርጎ፣

«የማላውቀውን አንድ ነገር ንገሪኝና ባልሽን ውሰጂ። አውቀዋለሁ ካልኩ ግን አንቺም አብረሽው ትታሰሪያለሽ» አላት።

ሴትዮዋ ወጥመዱ ገባት። ምንም ብትናገር «አውቀዋለሁ» ከማለት ማን ይከለክለዋል? ትንሽ አሰበችና ቀና አለች።

«ጌታዬ፣ እርስዎ አላዋቂ መሆንዎን አያውቁም።»

«እሱንማ አውቀ...» ብሎ ጀመረና አፉን እንደከፈተ ቀረ። አውቀዋለሁ ቢል አላዋቂነቱን በገዛ አፉ ሊመሰክር ነው፤ አላውቅም ቢል ደግሞ ተረታ። ሹማምንቱ ሳቃቸውን ውጠው ጣሪያ ጣሪያውን ያዩ ጀመር።

«ፍቱላት!» አለ ኒካንድሮስ በመጨረሻ። «ቶሎ በሉ፣ ሌላ ነገር ሳታሳውቀኝ ባሏን ይዛ ትሂድልኝ!»