አድራጊው መጨረሻ ላይ የሚጠራበት ቋንቋ

አንድ ንጉሥ በጥልቅ ወንዝ የተለያዩ ሁለት ሕዝቦችን ይገዛ ነበር። በአንደኛው ዳር የገደል ሰዎች፣ በሌላኛው ዳር የሜዳ ሰዎች ይኖራሉ። የገደል ሰዎች ንግግር ከጉሮሮ ይፈነዳል፤ ድንጋይ ከድንጋይ የሚጋጭ ይመስላል። የሜዳ ሰዎች ደግሞ እያንዳንዱን ድምፅ እየጎተቱ ያወርዱታል። የገደሎቹ ሲናገሩ ለሜዳዎቹ ስድብ ይመስላቸዋል፤ የሜዳዎቹ ሲናገሩ ለገደሎቹ ለቅሶ ይመስላቸዋል። ፍርድ በአንዱ ቋንቋ ሲሰጥ ሌላው ወገን ተበደልኩ ብሎ ይሸፍታል።

ንጉሡ የሁለቱንም ንግግር አጥርቶ የሚያውቅ አንድ ሊቅ አስጠራ። ሊቁ ቁጥብ ሰው ነበር፤ ስለ ራሱ አይናገርም።

«የማንም ያልሆነ ቋንቋ ሥራልኝ» አለው ንጉሡ። «በችሎት ብቻ የሚነገር፣ ማንም የእናቴ ቋንቋ ነው ብሎ የማይበልጥበት።»

ሊቁ ሄደ። ከዓመታት በኋላ ቋንቋውን ይዞ ተመለሰ፤ ስሙንም ኤላን አለው። በኤላን ውስጥ ከጉሮሮ የሚፈነዳ ድምፅ የለም፤ የሚጎተትም የለም። ሊቁ በገበያ ተቀምጦ ነጋዴዎቹን ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ የሁለቱም ወገን ወንዶች ሳይቸገሩ የሚያወጧቸውን ልዝብ ድምፆች ብቻ መርጦ ነበር።

ሰዋስውም አበጀለት። በኤላን መጀመሪያ የሚጠራው የተጎዳው ነገር ነው፤ ቀጥሎ ድርጊቱ ይነገራል፤ አድራጊው መጨረሻ ላይ ይመጣል። «ሰው የጠላቱን ስም ከመጥራቱ በፊት በደሉን ይናገር፤ እስከዚያ ቁጣው ይበርዳል» አለ። ምስክር በዓይኑ ያየውን ሲናገር የድርጊቱ ቃል በ«ፍ» ያልቃል፤ ከሰው የሰማውን ሲናገር ግን በ«ም»። «ሴሩፍ» ማለት «ሲበጥስ አይቻለሁ» ነው፤ «ሴሩም» ማለት «በጠሰ ሲባል ሰምቻለሁ»። በ«ም» የተነገረ ቃል ለፍርድ አይበቃም።

ንጉሡ ተደሰተ። ድንጋይ በክብ አስደርድሮ ችሎት አቆመ። በክቡ ውስጥ ከኤላን ሌላ የተናገረ ሰው ይባረራል፤ ከክቡ ውጪ የተነገረ ነገር ደግሞ ለፍርድ አይቆጠርም። ሊቁ በትር ይዞ መካከል ላይ ይቆማል። ተናጋሪ ሲሳሳት በበትሩ መሬቱን ይመታል፤ ተናጋሪውም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ማስተካከል ያቃተው ይሰናበታል፤ ቃሉም እንዳልተነገረ ይሆናል። ለብዙ ጊዜ በዚህ ተዳኙ፤ ያጉረመረመም አልነበረም።

በአንድ ክረምት ሁለቱን ዳር የሚያገናኘው የገመድ ድልድይ ተበጠሰ። በላዩ ሲሻገር የነበረ አንድ የሜዳ ሰው ወንዙ ወሰደው። የሜዳ ሰዎች ሲደርሱ ቶርቃ የሚባል የገደል ሰው ቢላ ይዞ በድልድዩ ጫፍ ቆሞ አገኙት። ቶርቃ ገመድ ሠሪ ነው። የተላላጠውን ገመድ ልጠግን ነው የመጣሁት አለ። ከሟቹ ጋር ግን በዚያው ሰሞን ተጣልተው ነበርና ማንም አላመነውም። በአገሩ ሕግ ነፍስ ያጠፋ ሰው ከገደሉ ጫፍ ይወረወራል።

ድልድዩ ሲበጠስ ያየች አንዲት ሴት ነበረች። ስሟ ሌዩማ ነው፤ የሟቹ እኅት ናት። በዚያ ሰዓት ከወንዙ ዳር ለሸክላ የሚሆን ጭቃ ትቆፍር ነበር። ለምስክርነት ስትጠራ የአጎቷ ልጅ እስከ ድንጋዮቹ ድረስ ሸኛት።

«ስሙን ብቻ ጠርተሽ ውጪ» አላት።

«የማንን ስም?»

«የማንን ትያለሽ እንዴ? የወንድምሽን ገዳይ ነዋ።»

«ያየሁት እኮ...»

«ያየሽውን እዚያ ትናገሪያለሽ። ግቢ አሁን፣ ሰው ቆሟል።»

ሌዩማ ገባች። «ሊማን» አለች፤ ድልድዩን ማለት ነው። ቀጥላ «ሴሩ...» ስትል ከአፏ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። በትሩ መሬቱን መታ።

ከመጀመሪያው ጀመረች። «ሊማን ሴሩ...» አሁንም ትንፋሽ። በትሩ መታ።

ከክቡ ውጪ፣ በገደል ሰዎች በኩል ሳቅ ተነሣ። «ጥርሷን ቤት ረስታ ልትነክሰን መጣች» አለ አንዱ። በሜዳ ሰዎች በኩል ደግሞ ቁጣ ነበር። «አይዞሽ፣ ስሙን ጥሪው» ይሏታል። ሁሉም የምትጠራውን ስም የሚያውቁ መስሏቸዋል። ቶርቃ ራሱ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ፣ በትሩ መሬቱን በመታ ቁጥር ትከሻው ዘና ይል ነበር። የዳነ እየመሰለው ነው።

ሌዩማ ደጋግማ ሞከረች። ላብ በግንባሯ ወረደ። ንጉሡ ተሰላችቶ እጁን አነሣ፤ ትሰናበት ማለቱ ነው። ያን ጊዜ ሴትዮዋ አፏን በመዳፏ ሸፈነች።

ሊቁ በትሩን ለመጨረሻ ጊዜ አንሥቶ ነበር፤ አላወረደውም። እጇን ተመለከተ። ቀረብ ብሎ በኤላን፣ በዝግታ፣ አፏን እንድትከፍት ጠየቃት። የላይኛው የፊት ጥርሶቿ የሉም። የሜዳ ሴቶች ሲያገቡ እነዚህን ጥርሶች ያስወልቃሉ፤ የጨዋነት ምልክት ነው። «ፍ» ደግሞ ያለ እነዚህ ጥርሶች አይወጣም። ሊቁ ቀና ብሎ ከድንጋዮቹ ውጪ የቆሙትን የሜዳ ሴቶች አየ። ያገቡት ሁሉ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነዋል። ከእነርሱ አንዷም በዚያ ችሎት «አይቻለሁ» ብላ ጨርሳ አታውቅም። ሁሉም ተሰናብተዋል። ያሰናበታቸው እርሱ ነው።

በትሩን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ቀጥይ» አላት።

«ቃሉ አልተስተካከለም» አለ ንጉሡ።

«ቃሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ትጨርስ።»

ሌዩማ ተነፈሰች። «ሊማን ሴሩ...» አለች፤ ትንፋሹ ወጣ፤ በትር ግን አልተሰማም። «...ናሎ።»

ናሎ በኤላን ወንዝ ነው።

ሌዩማ ያየችውን ዘረዘረች። ደራሹ ውኃ ትልቅ ግንድ ይዞ መጣ፤ ግንዱ ድልድዩን መታው፤ ገመዱ ተበጠሰ፤ ወንድሟ ወደቀ። ቶርቃ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ቢላውን ያወጣው ተንጠልጥሎ የቀረውን ገመድ ቆርጦ ለሚሰምጠው ሰው ሊወረውርለት ነበር፤ አልደረሰበትም። ንጉሡ የላካቸው ሰዎች ወንዙን ተከትለው ወረዱ። ግንዱን በድንጋዮች መካከል ተሰንቅሮ፣ የድልድዩ ገመድ ተጠምጥሞበት አገኙት። ቶርቃ በነጻ ተለቀቀ።

ሕዝቡ ሲበተን ንጉሡ ሊቁን ከክቡ ውጪ አገኘው።

«ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት አላየኸውም?»

«ልጅ ሆኜ ከገደል ተማርኬ ለሜዳ ሰዎች ተሸጥሁ» አለ ሊቁ። «የጉሮሮ ድምፅ ባመለጠኝ ቁጥር አፌን ይመቱኝ ነበር። አድጌ አምልጬ ወደ ገደል ተመለስሁ። እዚያ ደግሞ ድምፅ ስጎትት መቱኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን አልተናገርሁም። ይህን ቋንቋ የሠራሁት በንግግሩ ምክንያት የሚመታ ሰው እንዳይኖር ብዬ ነው።»

«በትሩን የሰጠህ ማን ነው?»

«ማንም አልሰጠኝም። እኔው ቆርጬ አመጣሁት።»

ሊቁ በማግሥቱ ወደ ሜዳ ሴቶች ሄዶ በሸክላ ማድረቂያው አጠገብ ተቀመጠ፤ ሲናገሩም ያዳምጥ ጀመር። መጀመሪያ ላይ አፋቸውን አልገለጡለትም።

ይህን ታሪክ የምታነብ ሆይ፣ የተመታ ሰው የመታውን እጅ አይረሳም። በገዛ እጁ የያዘውን በትር ግን ላያየው ይችላል፤ ያን የያዘው ለፍትሕ፣ ለሥርዓት ወይም ለጥራት ነው ብሎ ያምናልና። ክፉ ሰው ሲመታ ቢያንስ መምታቱን ያውቃል። በደግነቱ የሚተማመን ሰው ግን ሰው አንደበቱን ሲዘጋ ሰላም የወረደ ይመስለዋል። ሕግም ሆነ ቋንቋ፣ ቤትም ሆነ ትምህርት ቤት ስንሠራ በፊታችን ያልተቀመጡትን ሄደን ካልሰማን፣ የምንሠራው ነገር ለእነርሱ በር የለውም።

እኔም ያደግሁት በሰው ቤት ነው። ንግግር ጀምሮ አለመጨረስ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከዚያ በላይ አልልም። አንተን ግን ልጠይቅህ። በቤትህ ወይም በሥራህ፣ አነጋገሩ ስላልጣመህ ብቻ በመካከል ያቋረጥከው ሰው ማን ነው? ቢጨርስ ኖሮ ሊጠራው የነበረው ስም አንተ የጠበቅከው እንደነበረስ በምን ታውቃለህ?