ከድልድዩ ማዶ የቀሩ ሽማግሌዎች

አንድ ባለጸጋ ነበረ። ከብቶቹ ውሃ ሊጠጡ ሲወርዱ ወንዙ እስከ ማግስቱ ይደርቅ ነበር ይባላል፤ እኔ ግን ማጋነን ስለማልወድ እስከ ማታ ብቻ እላለሁ።

ፍሬሕይወት፣ ልጄ፣ ፊትሽን አታጥቁሪብኝ። ስለ ስዊች፣ ስለዚያ የኮምፒውተር መልእክት አስተላላፊ ሣጥን፣ ብጠይቀው ስለ ከብት ያወራልኛል እንዳልሽ አውቃለሁ። «ከመሥሪያ ቤታችን ስዊች ወደ ማዶው ሕንጻ የሚወስደውን ስታቲክ ራውት፣ ማለትም የመልእክቱን ቋሚ መንገድ፣ በእጄ ጽፌአለሁ፤ ደጋግሜም አይቼዋለሁ። መልእክት እልካለሁ፣ መልስ ግን አይመጣም። የማዶውን ስዊች የሚይዘው ይድነቃቸው በሩን ዘግቶብኝ ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል? ለአለቃችን ልናገርበት?» አይደል ያልሽኝ? መልሱ እየመጣ ነው። ከብቶቹ ጠጥተው ይመለሱ።

የባለጸጋው አገር ጭጋጋም ነበር። ጭጋጉ እንደ ግንድ በመጥረቢያ ይፈለጣል፤ ሰው ጫማ ማድረጉን የሚያውቀው ረግጦ ነው እንጂ አይቶ አይደለም። ስለዚህ መንገደኛ በራሱ ግምት አይሄድም። ከድልድዩ ወዲህ አንድ፣ ከድልድዩ ወዲያ አንድ መንገድ ጠቋሚ ቆሟል። መንገደኛው የሚሄድበትን ይናገራል፣ ጠቋሚው ያመለክተዋል። የጠቋሚ ሕግ ደግሞ አጭር ነው፦ አጠገብህ ያለውንና የተነገረህን አመልክት፤ ከራስህ አትጨምር፤ የማታውቀውን ቤት የሚጠይቅህን ሁሉ ወደ ቆላው ገበያ ስደደው፣ እዚያ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም።

ባለጸጋው ለአንድያ ልጁ ሚስት ፈለገ። ከድልድዩ ማዶ አንድ ገበሬ ሸጋ ልጅ ነበረችው። ባለጸጋው በቅሎውን ጋልቦ ወዲህኛውን ጠቋሚ «ወደ ገበሬው ቤት የሚሄደውን በድልድዩ አሻግረው» ብሎ አዘዘና ሽማግሌ መረጠ።

ሚስቱ፣ «ለወዲያኛው ጠቋሚስ የእኛን ቤት ነግረኸዋል?» አለችው።

«የእኔን ቤት?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ የጎረቤቱን እርግቦች ከጣሪያ አባረረ። «የእኔን ቤት የማያውቅ ማን አለ? ጅብ እንኳ ሳይጠይቅ ይመጣል!»

ሽማግሌዎቹ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሄዱ። አልተመለሱም። ባለጸጋው ሌሎች ሽማግሌዎች ላከ። እነሱም በዚያው ቀሩ። ደግሞ ላከ፣ ደግሞ ላከ፣ በመጨረሻ አገሩ ሽማግሌ አለቀበት። ባልና ሚስት ቢጣሉ የሚያስታርቃቸው ጠፍቶ፣ ራሳቸው ተስማምተው እስከ መኖር ደረሱ።

ባለጸጋው ግን አልሳቀም። ልጁ እህል አልቀምስም አለ። ጎረቤቱም «ገበሬ ናቀው» ብሎ ማንሾካሾክ ጀመረ። «ልጁን ባይሰጠኝ አይስጠኝ፤ ሽማግሌ ማስቀረት ግን ደም ነው!» አለና ጠመንጃውን ከግድግዳ አውርዶ ድልድዩን ተሻገረ። ወዲያኛው ጠቋሚ የገበሬውን ቤት በጣቱ አሳየው።

ገበሬው ከሩቅ ሲያየው ሮጦ ወጣ። «ጌታዬ፣ ምነው ዝም አላችሁን? ሽማግሌዎቹን ‹እሺ› ብለን፣ አብልተን አጠጥተን ሸኘናቸው። ሌሎች መጡ፤ እነሱንም ‹እሺ› አልናቸው። ‹እሺ› ማለት ሰለቸን እኮ! የሠርጉ ጠላ ኮምጥጦ ተደፋ።»

«ውሸታም! ሸኝተሃቸውስ የት ገቡ? ቆይ፣ ሰዎቼን ይዤ እመለሳለሁ፤ ያን ጊዜ የሚደፋው ጠላ አይሆንም።»

ተመልሶም ወዲያኛው ጠቋሚ ፊት ቆመ።

«ወዴት ነው ጌታው?»

«ወደ ቤቴ ነዋ!»

«የማን ቤት ልበል?»

«አታውቀኝም? ወንዝ የሚያደርቁት ከብቶች ጌታ ነኝ!»

«ከብትዎን እግዜር ይባርክልዎ። ቤትዎ ግን አልተነገረኝም። ያልተነገረኝ ሁሉ ወደ ቆላው ገበያ ነው፤ በዚህ በኩል ይውረዱ።»

ባለጸጋው ጠመንጃውን ሊያነሳ ሲል ሽማግሌዎቹ ትዝ አሉትና እጁን መለሰ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በዚህ በኩል… ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች አልፈው ነበር?» አለ።

«ኧረ ስንቱ! ሁሉም ያንኑ ቤት ጠየቁኝ፣ ሁሉንም ወደ ቆላ ሰደድኋቸው። ምን ላድርግ?»

ባለጸጋው ጠመንጃውን ድንጋይ ላይ አስደግፎ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱ የት እንደሆነ ለሰው አስረዳ። «ከድልድዩ ባሻገር ያለው መንደር የእኔ ነው። ወደዚያ የሚመጣውን በድልድዩ አሻግረው።» አለቀ። ይህን ለመናገር አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ቆላው ገበያ ላይ ተገኙ። የገበያውን ጠብ ሁሉ አስታርቀው ጨርሰው፣ ሥራ ቢያጡ የታረቁትን መልሰው ሊያጣሉ ሲመካከሩ ተደረሰባቸው። ሠርጉም ሆነ። እዚያ ስለ በላሁት ሥጋ አልነግርሽም፤ አታምኚኝም።

እንግዲህ ልጄ፣ ባለጸጋው አንቺ ነሽ። ወዲህኛው ጠቋሚ የአንቺ ስዊች ነው፣ ወዲያኛው የይድነቃቸው። የላክሻቸው ሽማግሌዎች ማዶ ደርሰዋል፤ «እሺ»ም ተብለዋል። ነገር ግን ለማዶው ስዊች የአንቺን ኔትዎርክ አድራሻ ማንም አልጻፈለትም፤ ስዊች ደግሞ ከራሱ አይጨምርም። መልስሽን ተቀብሎ፣ ለማያውቀው ሁሉ በተሰጠው መውጫ ወደ ኢንተርኔቱ ገበያ እየሰደደልሽ ነው፤ እዚያም ይጠፋል። መሄጃውን በእጁ ያበጀ ሰው መመለሻውንም ያበጀ ይመስለዋል። መመለሻው ግን የሚጻፈው ማዶ ነው።

ስለዚህ ለአለቃሽ ከመናገርሽ በፊት ጠመንጃውን አስቀምጪና ለይድነቃቸው ደውዪለት። «ወደ እኔ የሚመለሰውን መንገድ ስዊችህ ላይ ጽፈሃል?» በዪው። «መች ነገርሽኝ?» ቢልሽ አትቆጪ፤ አድራሻሽን ንገሪው። ቶሎ በዪ ደግሞ፤ ሽማግሌዎችሽ ቆላ ገበያ ላይ ሥራ ፈትተዋል።