ገደል አናት ላይ የዳነችው አህያ

«ተረት ተረት» አሉኝ ጎረቤቴ እትዬ ወለላ። «የሰው ወሬ ይቆየንና የአውሬውን ያጫውቱኝ» አልኳቸው።

ድሮ አንዲት እግሯ የተሰበረ አህያ ነበረች። ውኃ የምትጠጣው ጅብ ከሚያደባበት ሩቅ ወንዝ ነበር። ደጉ አንበሳ አዘነላትና አዋጅ አስነገረ፤ «እግሩን የታመመ ሁሉ ከግቢዬ ምንጭ ይጠጣ። ብቻ ጦጣ ዘንድ በአካል ቀርቦ ይመዝገብ።»

የጦጣ ቢሮ ደግሞ ነፋሻ ነው ብላ የመረጠችው የገደሉ አናት ነው።

አህያዋ በጠዋት ተነሥታ በሦስት እግሯ ስትወድቅ ስትነሣ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ደረሰች። ጉልበቷ ተልጧል።

«እሜቴ ጦጢት፣ አንካሳ ነኝና መዝግቢኝ» አለች።

ጦጣ ቁልቁል ገደሉን አየች። «በምን መጣሽ?»

«በእግሬ።»

«ይኸው፣ አንቺው መሰከርሽ። እንኳን ለዚህ አበቃሽ እህቴ፣ ድነሻል» አለችና «ጤነኛ» የሚል ወረቀት ላይ ማኅተሟን አሳረፈች።

«እንግዲህ ለአያ ጅቦ ማኅተሙን አሳየዋለሁ» ብላ አህያዋ ወረደች።

አንበሳ አዋጁ አንካሳ መፈወሱን ሲሰማ ድግስ ደገሰ። ጦጣ ተሾመች። አህያዋን በሦስተኛው ቀን ወንዙ ዳር ጅብ በላት፤ ወረቀቱን ተወው።