የአያ እምሩ ሳል

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

ጮክ በሉ እንጂ! ላሚቱ እንኳ አልሰማቻችሁም።

«የላም በረት!»

እንዲህ ነው እንጂ። በድሮ ዘመን አያ እምሩ የሚባል ሰው ነበር። ጾም አይገድፍም፤ ቅዳሴ አያስታጉልም። ስግደቱንማ ምን ልበላችሁ፣ ግንባሩ እስኪጠቁር ይሰግዳል። ክርስቶስን እወዳለሁ ይላል፤ ይወዳልም። ጎረቤቱን አያ ጎሹን ግን ዓይኑን ማየት አይፈልግም። ለምን ብትሉ፣ የጎሹ ፍየል አጥር ጥሳ ገባችና ለጾም የተከለውን ጎመን ሙልጭ አድርጋ በላችበት። ጎሹም ይቅርታ በማለት ፈንታ፦ «አጥርህን አጥብቀህ ብታጥር ኖሮ!» አለው። በቃ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ የለም። አንዱ በላይ ሲሄድ ሌላው በታች ይሄዳል።

ሁለቱም ደግሞ የመድኃኔ ዓለም ማኅበርተኞች ናቸው። ማኅበሩ በየወሩ በሃያ ሰባት፣ ተራው በደረሰው ሰው ቤት ይሰበሰባል። ደንቡም ይኸው ነው፦ ደጋሹ ቆሞ አባታችን ሆይን ይመራል፤ ሌላው ይከተላል። ጸሎቱ ሳያልቅ ጽዋው አይነሣም፤ ዳቦውም አይቆረስም።

የእምሩ ተራ ደረሰና ሚስቱ የሺመቤት ጠላውን ጠመቀች፤ ድፎውን ደፋች፤ ቄጠማውን ጎዘጎዘች። ማኅበርተኛው ሁሉ መጣ። ጎሹ ብቻ ቀረ። እምሩም ተነሥቶ ጸሎቱን ጀመረ። ደህና ሄደ፣ ሄደ፣ ከዚያም የበደሉንን ይቅር የምንልበት ቦታ ሲደርስ፦ «እህ! እህ! እህ!» ሳል ያዘው። ሳሉ ሲለቀው ያችን ቃል ዘሏት አለፈ።

አያችሁልኝ ተንኮሉን? ሦስት ወር ሙሉ በቤቱ ሲጸልይም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።

ከማኅበርተኛው ጋር የመጡት ነፍስ አባቱ አባ ወልደ ሩፋኤል ግን ጆሯቸው ቀጭን ነው።

አባ፦ «ልጄ፣ የቀረች አለች። ከመጀመሪያው በል እስቲ።»

እንደገና ጀመረ። እዚያው ቦታ ሲደርስ እህ! እህ! ሦስተኛም ጀመረ። እህ! ሰዉ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ያዘ። ልጆቹ ዳቦውን እያዩ ምራቃቸውን ይውጣሉ። የሺመቤት የምትገባበት ጠፋት።

እምሩ፦ «አባ፣ ጉሮሮዬ ነው። የገብስ ብናኝ ገብቶብኝ...»

አባ፦ «የገብስ አይደለም፣ የጎመን ነው እንጂ!»

ሰዉ ሳቁን ለቀቀው። አባ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና፦ «እምሩ ልጄ፣ ጌታችን በመስቀል ላይ ሆኖ ለሰቀሉት ምሕረት ሲለምን አላሳለም። ይህ ጽዋ ደግሞ የእርሱ ነው። ቃሏን ካላልካት ጽዋው ሳይነሣ ወደየቤታችን እንሄዳለን» አሉት።

በዚያ አገር ጽዋ ሳይነሣበት የቀረ ቤት የለም፤ ትልቅ ውርደት ነው። እምሩ ግን ውርደቱን ረሳው። የአባ ቃል ልቡ ውስጥ ገባና፦ «እርሱ ለሰቀሉት እንዲያ ካለ፣ እኔ ለጎመን?» አለ። ነጠላውን አጣፍቶም ወጣ።

ከጎሹ አጥር ሥር ሲደርስ ድምፅ ሰማና ቆመ። ጎሹ ብቻውን ይጸልያል። ደህና ሄደ፣ ሄደ፣ ከዚያም፦ «እህ! እህ! እህ!»

እምሩ ሳቁ አመለጠው።

«ጎሹ! አንተንም ያዘህ እንዴ?»

ጎሹ ወጣ። ፊቱ በዕንባ ርሷል።

«እምሩ ወንድሜ፣ ሦስት ወር ሆነኝ! የተናገርኩህ ክፉ ቃል አንቆ ያዘኝ። ማረኝ።»

«እኔንም ማረኝ።»

ተቃቀፉና እየሳቁ አለቀሱ። ከዚያም አብረው መጥተው ቆሙና ያችን ቃል እኩል አሏት። ጽዋው ተነሣ። ዳቦው ተቆረሰ።

ይህን ጊዜ በበሩ ማን ብቅ አለ? ፍየሊቱ! ባለቤቷን ተከትላ መጥታ ቄጠማውን ትግጥ ጀመር። ሁሉም የእምሩን ጉሮሮ ያያል።

እምሩም፦ «ተዉአት ትብላ። ከዛሬ ወዲያ እርሷም ማኅበርተኛ ናት» አለ። አንድም ጊዜ ሳያስል።

ተረቴም አለቀ፣ አፌም ደረቀ። በሉ ዳቦ ቁረሱና አጉርሱኝ። ከመካከላችሁ የተኳረፈ ካለ ግን መጀመሪያ ይታረቅ፤ በኩርፊያ እጅ አልጎርስም።